የጋሼ ባዶ ፍሬሞች

እስቲ ልጠይቃችሁ። የአንድ ሠዓሊ ዌብሳይት ከፍታችሁ ስንት ደቂቃ ቆይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው አንድ ገጽ ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ መቁጠር የእንጀራዬ ነገር ስለሆነ መልሳችሁን መገመት አያቅተኝም። ገጹ ሲከፈት አንድ ነገር ይሽከረከራል። ከዚያ የቀለም ጠብታ ይወርዳል፣ የሠዓሊው ስም ፊደል በፊደል ይመጣል፣ ሙዚቃ ይጀምራል። እናንተ ታክሲ ውስጥ ናችሁ፤ ድምፁን ለማጥፋት ትጣደፋላችሁ። ሥዕሉ ጋ ሳትደርሱ ገጹን ዘጋችሁት።

ይህን የማነሳው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜና እሑዴን የወሰደው ሥራ የአጎቴን ዌብሳይት እንደ አዲስ ማሠራት ስለሆነ ነው። አጎቴ፣ እኛ ቤት ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ሠዓሊ ናቸው። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው የዕድሜያቸውን ግማሽ ሥዕል ሲያስተምሩ፣ ግማሹን ሲሥሉ ኖረዋል። አሁን የሚኖሩት ለገዳዲ ነው፤ ከመገናኛ በሲኤምሲና በአያት አድርጋችሁ ለገጣፎን ስታልፉ። ስቱዲዮአቸው በር ላይ ሲቆሙ በባሕር ዛፎቹ መሐል የግድቡ ውኃ ይታያል። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ከቧንቧችሁ ከሚወርደው ውኃ የተወሰነው ጋሼ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሥሉት የኖሩት ውኃ ነው።

ባለፈው ዓመት ሐኪም ግላኮማ እንዳለባቸው ነገራቸው። ግላኮማ ተንኮለኛ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ ሳያሳምም እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል ይመጣል። የጠፋው እይታ አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ነው። ጋሼ የዓይን ጠብታቸውን በኪሳቸው ይዘው ከክሊኒኩ ሲወጡ የነገሩኝ ግን ስለ ዓይናቸው አልነበረም። «ያቺን ዌብሳይት አስተካክዪልኝ። ሥዕሎቼን አንድ ላይ ልያቸው» አሉኝ።

አንድ ላይ ማየት ለሠዓሊ ቀላል ነገር አይደለም። ደራሲ መጽሐፉ ቢሸጥለት ለራሱ ቅጂ ይቀረዋል፤ ዘፋኝም ካሴቱ አለው። ሠዓሊ ሥዕሉን ሲሸጥ ሥዕሉ ይሄዳል። ጋሼ በአንድ አሮጌ የሒሳብ ደብተር ላይ የሸጡትን ሁሉ ቁጥር እየሰጡ መዝግበዋል፤ 214 ደርሷል። ከእነዚህ ውስጥ የት እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያውቁት 31ዱን ብቻ ነው። የቀሩት ሳሎን ውስጥ፣ ሆቴል ኮሪደር ላይ፣ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልለው ባሕር ማዶ፣ ምናልባትም አንዱ ዕቃ ቤት ከአሮጌ ፍራሽ ጀርባ ናቸው።

የድሮው ዌብሳይት በ2004 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ሠሪው መግቢያውን ያሰናዳው በፍላሽ ነበር። ፍላሽን የማታስታውሱት ካላችሁ፣ በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ላይ የሚንቀሳቀሰው ነገር አብዛኛው በእሱ ነበር የሚሠራው፤ የልጆች ጌም፣ ማስታወቂያ፣ የሠዓሊና የፎቶ አንሺ ገጽ። ባለቤቱ አዶቤ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድጋፉን አቆመ። ከጥር 2013 ዓ.ም. ወዲህ የጋሼ መግቢያ ግራጫ ሣጥን ሆኖ ቀረ፤ ሥዕሎቹ ከበስተጀርባው አሉ፣ በሩ ግን አይከፈትም። ሠሪው የዌብሳይቱን ስም ያስመዘገበውም በራሱ ኢሜይል ኖሯል። ስልክ ቀይሮ ጠፋ። አዲስ ስም ገዛን፤ አሁን የተመዘገበው በጋሼ ስም ነው፣ የይለፍ ቃሉም እቴቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር በፖስታ ተቀምጧል። (እቴቴ የጋሼ ባለቤት ናት። ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ስለሆነች ይኼኛውም ንብረት ወደ እሷ ገባ።)

ለአዲሱ ሥራ ሦስት ወጣት ዲዛይነሮችን አነጋገርኩ። ሦስቱም ጎበዞች ናቸው። አንደኛው ሥዕሎቹ የተሰቀሉበት ባለ ሦስት ገጽታ አዳራሽ አሳየኝ፤ እንደ ጌም በቀስት እየተራመዳችሁ ትገባላችሁ። ሁለተኛዋ ስክሪኑን በነካችሁ ቁጥር ቀለም እንደ ውኃ የሚረጭበትን አመጣች። ሦስተኛው የጋሼን አንድ ሥዕል በኮምፒውተር ቆራርጦ ንብርብር አድርጎት ነበር፤ ገጹን ወደ ታች ስትገፉት ዛፉ ፈጥኖ፣ ተራራው ዘግይቶ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ቢሮ ውስጥ ለአንድ ለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ብናቀርበው ኖሮ እናጨበጭብለት ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና «ዛፌን ከተራራዬ ማን አላቀቀው?» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሰው ሥዕል ሲያይ እግሩን ተመልከቺ» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም፤ መምህር ስለነበሩ የቤት ሥራ መስጠት ይወዳሉ።

በሚቀጥለው እሑድ መካኒሳ ወዳለው ዞማ ሙዚየም ሄድኩ። ዞማን ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2019 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ነው፤ ከጭቃና ከጭድ የቆሙት ግድግዳዎቹ ራሳቸው በእጅ የተቀረጹ ሥራዎች ናቸው። አንድ ጥግ ይዤ የሰው እግር ማየት ጀመርኩ። አንድ ቤተሰብ መጣ። አባትየው ከሩቅ ቆመ፣ ሦስት እርምጃ ቀረበ፣ አንገቱን ሰገግ አደረገ፣ ተመልሶ ወደ ኋላ ሄደ። ትንሿ ልጅ ቀጥ ብላ ሄዳ ግድግዳውን በመዳፏ ነካች፤ እናቷ ጎተተቻት። አያትየው ደግሞ አጠገባቸው የቆመውን የማያውቁትን ሰው «ማን ነው የሠራው? ስንት ጊዜ ፈጀበት?» ብለው ጠየቁት። አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። የሚመጣው ሰው ይለዋወጣል፤ የሚያደርገው ነገር ግን ያው ነው። ከሩቅ ያያል፣ ይቀርባል፣ ይመለሳል፣ ከራሱ ቁመት ጋር ያስተያያል፣ ይጠይቃል።

ለዲዛይነሮቹ የጻፍኩት የሥራ መግለጫ ይኸው ሆነ። እነዚህን የሚያግዝ ነገር ይንቀሳቀስ፤ ሌላው ሁሉ ዝም ይበል። ሥራውን የወሰደችው ቀለም ስትረጭ የነበረችው ልጅ ናት። ማርኬቲንግ ላይ ሁልጊዜ የምንጣላበት ጉዳይ ስለሆነ ነው ልቤ የሞላው፤ ገጹ ሲያምር ሰው ገጹን ያስታውሳል፣ የተሸጠውን ዕቃ ግን ይረሳል። የሠዓሊ ገጽ ላይ ይህ ሲሆን ደግሞ የተረሳው የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።

መቅረብን እንዴት ስልክ ላይ እናምጣው? የዞማውን የኤልያስ ስሜን ሌሎች ሥራዎች ያየ ሰው ጥያቄው ቶሎ ይገባዋል። «ታይትሮፕ» በሚለው ተከታታይ ሥራው የኮምፒውተር ኪቦርድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው የሚጠቀመው። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ መሬት ይመስላል፤ ስትጠጉ ሽቦው አንድ በአንድ የተጎነጎነ መሆኑ ይወጣል። በአንዲት ትንሽ ፎቶ ብቻ ያየው ሰው ግማሹን አላየም።

ትልልቆቹ ተቋማት ይህን ከተረዱት ቆይተዋል። ጎግል በ2011 እ.ኤ.አ. ከ17 ሙዚየሞች ጋር የጀመረው የሥነ ጥበብ ፕሮጀክት ዋና ነገሩ የብሩሹ ፈለግ እስኪታይ መቅረብ መቻሉ ነበር። አምስተርዳም ያለው ራይክስሙዚየም ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. የሬምብራንትን «የሌሊት ዘብ» 8,439 ፎቶዎችን ገጣጥሞ በ717 ቢሊዮን ፒክስል አቀረበው። እኛ ያለን ከጓደኛ የተዋስነው አንድ ካሜራና የጋሼ ግቢ ነው። ቀኑ ደመና ሲሆን ወይም ጠዋት ጥላው ሳይነሳ፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራውን ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቀጥ አድርገን አቁመን ነበር የምናነሣው፤ ትልልቆቹን ሸራዎች በስድስት ቁራጭ አንሥተን በኮምፒውተር ገጠምናቸው። ፀሐይ ላይ ካነሣችሁት የዘይት ቀለሙ ያብለጨልጭና ሥዕሉ መስታወት ይሆናል። ቤታችሁ ያለውን ሥዕል ለማንሣት ብትፈልጉ ይህ ብቻ ይበቃችኋል።

አንዱ ፎቶ ሲገጠም 40 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ያንን በፓኬጅ የሚጠቀም ሰው ላይ መጫን ግፍ ነው። መፍትሔው እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ሙሉው ድፎ ወጥ ቤት ይቀመጣል፣ ለእንግዳው የሚቀርበው ቁራሹ ነው። ፎቶው በተለያየ መጠን ተዘጋጅቶ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆራረጣል። መጀመሪያ ቀለል ያለው ሙሉ ምስል ይመጣል፤ በሁለት ጣታችሁ ስታሰፉት የምታዩት ቦታ ቁራጭ ብቻ ይወርዳል። የሙከራ መሣሪያችን የእቴቴ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነበር። ጎግል የአንድ ገጽ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት ይላል፤ በእቴቴ ስልክ፣ ለገዳዲ፣ ኔትወርክ ሲደክም 4 ሰከንድ ይወስዳል። ከዚህ በታች እስካሁን አልወረደልንም።

የመጠን ነገር ከሁሉ ያደከመን ነው። ስልክ ሁሉንም ሥዕል እኩል ያደርገዋል። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ኒው ዮርክ ለሚገኘው የጎልድማን ሳክስ ሕንፃ የሠራችው «ሙራል» 24 ሜትር ገደማ ርዝመትና 7 ሜትር ከፍታ አለው፤ ስልክ ላይ ሲታይ ግን ከአንድ የሠርግ መጥሪያ አይበልጥም። የጋሼ አንዳንድ ሥዕሎች ደብተር ያህላሉ፣ አንዳንዶቹ ሁለት ሜትር ናቸው። ዲዛይነሯ ከሥዕሉ አጠገብ የሰው ጥላ እናቁም አለች። ጋሼ እምቢ አሉ፤ «ሰው ካቆማችሁ ሰው ሰውየውን ነው የሚያየው»። በመጨረሻ የተመረጠው ጋሼ ተቀምጠው የሚሥሉባት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ናት። «መጠኑ» የምትለዋን ስትነኩ ሥዕሉ ወደ ኋላ ይሸሽና በርጩማዋ በትክክለኛ ልኳ ከሥሩ ትታያለች። ሌላ ምንም አይንቀሳቀስም። ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚነኩት ይህንን ነው፤ ቁጥሩ ቢሮ ውስጥ ለለመድኳቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ የሚያስቀና ነው።

ቀለም ላይ ግን ስክሪንን ማሸነፍ አይቻልም። የለገዳዲ ውኃ በክረምት ጎርፍ ሲገባበት ቡናማ ይሆናል፣ ከመስከረም በኋላ እየጠራ ይሄዳል። ጋሼ በነዚያ ወራት መካከል ያለውን ቀለም ለማግኘት ስንት ክረምት እንደጠበቁ እኔ ምስክር ነኝ፤ የስልክ ስክሪን ግን ሁሉንም አድምቆ ሰማያዊ ያደርገዋል። አፍሪካ አዳራሽ ያሉትን 150 ካሬ ሜትር የሚሆኑ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕሎች ፊት የቆመ ሰው የምለውን ያውቃል፤ ብርሃኑ በገባበት ሰዓት ልክ ሥዕሉ ሌላ ይሆናል፣ ያንን የትኛውም ስልክ ቤታችሁ አያመጣላችሁም። ዲዛይነሯ ብርሃኑን ከንጋት ወደ ምሽት የሚቀይር ማንሸራተቻ እናድርግ ብላ ነበር። ጋሼ «ማታ ያየሁትን ማታ ነው የሣልኩት» ብለው ዘጉት። በእሱ ፈንታ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ወሩና ሰዓቱ ተጽፏል፦ «ነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት»።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ አሁንም ግን ከውጭ የሚገዙት ዝግጁ የገጽ ዲዛይኖች ለላቲን ፊደል ብቻ የተሰፉ ናቸው። አማርኛ ስትከቱበት ርዕሱ ከልኩ በላይ ጠባብ ልብስ እንደለበሰ ሰው ይሆናል። ዲዛይነር የምትቀጥሩ ከሆነ ናሙናውን በአማርኛ ጽፎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

መጠየቅን እንዴት እናምጣው የሚለው ደግሞ ከዓይናቸው ጋር የተያያዘ ነው። ዞማ ያየኋቸው አያት «ማን ሠራው?» ሲሉ መልስ የሚሰጥ ሰው አጠገባቸው ነበር። ስለዚህ የጋሼን ድምፅ ለመቅዳት ወሰንን። የአርባ ሰከንድ ድምፅ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው፤ በራሱ አይጀምርም፣ ከፈለጋችሁ ትነኩታላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስቱዲዮው ውስጥ እንቀመጣለን፤ ስልኬን ጨርቅ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ዶሮ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ለሚገነባ ቤት ውኃ የሚያመላልስ ቦቴ ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን ጋሼ ሥዕሉን እያዩ ነበር የሚያወሩት። አሁን አሁን ሸራውን ጭናቸው ላይ ያደርጉትና በጣታቸው ዳር ዳሩን እየዳሰሱ ያወራሉ። አንድ ቀን ጣታቸው አንድ ወፍራም ቀለም ላይ ቆመና «ይቺ በቢላ የሣልኳት ናት፤ የዚያን ቀን እናትሽ ቡና ይዛልኝ መጥታ ነበር» አሉ። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ቀረጻው ላይ ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ሰከንድ ዝምታ ነው። ዲዛይነሯ ልቁረጠው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ተዪው አልኳት።

ወደ ደብተሩ ልመለስ፤ የት እንዳሉ የማይታወቁት 183 ሥዕሎች ምን ይሁኑ? ፎቶ የላቸውም። ያለው ቁጥር፣ ዓመት፣ ልክና አንድ መስመር መግለጫ ነው። ዲዛይነሯ ከገጹ ይቅሩ አለች፤ ባዶ ነገር ገጹን ያላለቀ ያስመስለዋል። እዚህ ላይ ሙያዬ ለአንድ ቀን ጠቀመኝ፤ ሰው ከሞላ መደርደሪያ ይልቅ ክፍቱ ቦታ ላይ ዓይኑ ያርፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የጠፋ ሥዕል በልኩ፣ በተራው፣ ባዶ ፍሬም ሆኖ ተሰቀለ። ስትነኩት መግለጫው ይወጣል፤ ከሥሩ «ይህን ሥዕል አይተውታል?» የሚል አለ። ፎቶ መላክ ብቻ ነው። የባለቤቱ ስም አይወጣም፤ ሥዕሉ ያለበት ከተማ ብቻ ይጻፋል። ማንም ሰው የሳሎኑ አድራሻ እንዲታወቅ አይፈልግም፤ ጋሼም ሥዕላቸውን መልሰው የመውሰድ ሐሳብ የላቸውም።

የመጀመሪያው ወር ምንም አልመጣም። በሁለተኛው ወር የቴሌግራም ሊንኩን ዘመድ ለዘመድ አስተላለፈውና ፎቶዎች መምጣት ጀመሩ። አንዱ ሐዋሳ አንድ የጥርስ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተገኘ። አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ባለቤቷ በ1997 ዓ.ም. በሻንጣ ጠቅልላ እንደወሰደችው ጽፋልናለች። ከአዳማ የመጣው ፎቶ ላይ ከታች በስተግራ አንድ ልጅ በእስክሪብቶ ፈረስ የሚመስል ነገር ሥሎበታል። የላኩልን እናት ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቀዋል። ጋሼ ፎቶውን በጣም አስፍተው፣ ስልኩን ወደ አንድ በኩል አዘንብለው፣ በቀረቻቸው የእይታ መስኮት ፈረሱን ፈልገው አገኙት። «እግሩ ትንሽ ረዝሟል» አሉና ሳቁ። ገጹ ላይ የሥዕሉ መግለጫ አሁን «ዘይት ቀለም፣ እስክሪብቶ» ይላል፤ ያስጨመሩት ራሳቸው ናቸው።

እስካሁን 17 ፍሬሞች ሞልተዋል። የሞላ ፍሬም ባለ ቁጥር ቅዳሜ እንቀዳለን፤ ጋሼ ፎቶው በትልቁ የሳሎን ቴሌቪዥን ላይ እንዲከፈትላቸው ይፈልጋሉ፤ እቴቴም ድራማዋን እያቋረጠች ትፈቅድላቸዋለች። ዶክተሩ ጠብታውን ካላቋረጡ እይታቸው ባለበት ሊቆይ እንደሚችል ነግሮናል። የቀጠሮ ቀኖቹን እኔ ስልክ ላይ እይዛለሁ።

ጋሼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ቁጥር 88ን ነው። 80 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ዘይት ቀለም፣ 1986 ዓ.ም.፤ ገና ለገዳዲ ሳይገቡ የሣሉት። ሦስት ሴቶች እንስራ አዝለው ዳገት ይወጣሉ፤ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሦስተኛዋ ዞር ብላ ወደ ኋላ ታያለች። ጀርባው ላይ በእርሳስ ቁጥሩና ዓመቱ አለ። የገዛው ወጣት ለታመሙ እናቱ ስጦታ ነው ብሎ በጋዜጣ አስጠቅልሎ እንደወሰደው ደብተሩ ላይ ተጽፏል። ሦስተኛዋ ሴት ምን እያየች እንደሆነ ጋሼን ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። ሥዕሉ ሲገኝ እያዩት ነው የሚነግሩኝ።